የኖራ ከንፈር

በክራግሾ ከተማ መካኒክ ማለት የቀልድ ማገዶ ነው። የሽመና ማሽን የሚጠግኑትን ወንዶች ማለቴ ነው። አንድ መካኒክ የቤቱ ቁልፍ ቢጠፋበት፣ ሌባ ከፍቶ እንዳይገባ ብሎ በሩን ነቅሎ ተሸክሞት ሥራ ገባ ይባላል። ይህን ቀልድ እናቴ ከእናቷ ሰማች፣ እኔም ከእሷ። ጎረቤቴ ክላረንስ ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ስለነበር ዕድሜውን ሙሉ ተሳቀበት፤ እሱም አብሮ ሲስቅ ኖረ። ዘንድሮ በብርዱ ወራት በሆነው ነገር ግን ሞኟ እኔ ሂልዳ ነበርኩ።

ነገሩ የመጣው ከፊልም ነው። ሁላችንም የሠራንበት፣ ድልድዩ አጠገብ ያለው የጨርቅ ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ግማሹ ምንጣፍ መሸጫ ሆኗል፣ ግማሹ ደግሞ ሙዚየም። የድሮውን ቢሮ ጣሪያ ሲያጸዱ አንድ ዝገት የበላው የቆርቆሮ ጣሳ አገኙ፤ ሲከፍቱት በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት አዲሶቹ ማሽኖች ሲገቡ ባለቤቶቹ ያስነሱት ፊልም ሆነ። ድምፅ የለውም። የከተማው ታሪክ ማኅበር ሰብሳቢ ናይጀል፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪና ቀና ሰው፣ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ አሳያችኋለሁ ብሎ በሕይወት የቀረነውን ሸማኔዎች ሁሉ ጠራን። ሻይና ብስኩት እንዳለ መናገሩንም አልረሳም። ብልህ ነው።

ክላረንስ ግን ለብስኩት አልመጣም። ሚስቱ ኖራ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነበር፤ ናይጀል ደግሞ «ባለቤትዎ ፊልሙ ላይ አሉ» ብሎት ነበር። ኖራ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ በፋብሪካውም ማሽኖቻችን ጎን ለጎን ነበሩ። ክላረንስ ከእሷ የቀረው የሠርግ ፎቶና ጥቂት የባሕር ዳር ፎቶ ብቻ ነው። «መልኳን እንኳ ግድግዳው ላይ አገኘዋለሁ፤ አነጋገሯ ግን እየጠፋብኝ ነው» ይለኝ ነበር። በቀብሯ ዕለት የለበሰውን ሱፍ ለብሶ፣ ፊቱን ተላጭቶ መጣና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔን እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

«የምትለውን ትነግሪኛለሽ» አለኝ።

«አንተ ሠላሳ ዓመት እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ማሽን ነበራ የማየው! የእናንተን አፍ ማን ያያል?»

እውነቱን ነው። ያ ሁሉ ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲንጋጋ የገዛ ሐሳብህ እንኳ አይሰማህም። ስለዚህ እኛ ሸማኔዎቹ ያለ ድምፅ ነው የምናወራው፤ አፋችንን ከፍተን፣ ከንፈራችንን አሽሟጥጠን፣ ቃሉን ለዓይን እናደርገዋለን። የከንፈር ወሬ እንለዋለን። በሁለት ሳምንት ይለመዳል፤ ከተለመደ በኋላ ደግሞ ገበያ ማዶ ያለች ሴት ስለ ባርኔጣሽ ያለችውን ሁሉ ታያለሽ። መካኒኮቹ ወንዶች ግን አልለመዱትም። ራሳቸውን ማሽን ውስጥ ቀብረው ይውላሉ፤ ሲቸግራቸው ጆሮሽ ሥር መጥተው ይጮኻሉ። እኛም ፊታቸው ላይ ስናማቸው እንውላለን።

መብራቱ ጠፋና ፊልሙ ተጀመረ። መጀመሪያ የፋብሪካው በር ታየ፤ ሴቶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በእንጨት ጫማ እየገቡ ነው። ከዚያ የሽመናው አዳራሽ መጣ፤ ያኔ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለን አሮጊቶች ሁሉ አንድ ላይ ሳቅን። ናይጀል ግራ ገብቶት ዞረ።

«ምን ተገኘ?» አለ።

«ይቺ ፊት ያለችው» አለች ከኋላ ቤሲ፤ ያኔም ዛሬም አፏ የማያርፍ ሸማኔ ናት፤ «ካሜራ የያዘውን ሰውዬ 'ሱሪው ከኋላ ተቀዷል፣ እንዳትነግሩት' ነው የምትለው!»

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ ስለ አለቃው ነው። እሱን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አልናገረውም።»

እንዲህ እያለ ቀጠለ። የሞቱ ሴቶች ግድግዳው ላይ ያወራሉ፣ እኛ እንስቃለን። አርባ ዓመት ያለፈው ሐሜት ትኩስ ነበር። ክላረንስም ባይገባውም ከእኛ ጋር ይስቃል።

ከዚያ ኖራ መጣች። ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ የማጉን መወርወሪያ በእጇ ይዛ ወደ ጎን ዞረች። ጥግ ላይ አንድ ክርን ይታያል፤ የኔ ክርን ነው። የምታወራው ለእኔ ነበር። ክላረንስ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

የምትለውን ከማየቴ በፊት አስታወስኩት። «እሁድ ለክላረንስ ቁርጡን ልነግረው ነው። አላገባውም። ካናዳ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ።» አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርጋ ነው ያለችው። ኖራ ከንፈሯ ንጹሕ ነበር።

የአዳራሹ ሳቅ ቁርጥ አለ። ሸማኔ የሆነች ሁሉ አየችው። ቤሲ እንኳ ዝም አለች፤ እሷን ዝም ያሰኘ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም።

«ምን አለች?» አለ ክላረንስ። ዓይኑን ከግድግዳው አልነቀለም። «ሂልዳ፣ ምን አለች?»

አንጀቴን በላው። ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ሁለት ጣት የጎደለው ግራ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«'ይሄን ሞኝ መካኒክ በዓለም አልለውጠውም' አለች» አልኩት።

እዚህ ላይ ሊፈርድብኝ የሚከጅለው አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከራሴ አልፈጠርኩትም። ቃሉ የኖራ ነው፤ የለወጥኩት ቀኑን ብቻ ነው።

ፊልሙ የተነሣው ዓርብ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የማሽን ቀበቶ የክላረንስን ሁለት ጣት ወሰደ። እሁድ ኖራ ቁርጡን ልትነግረው ሆስፒታል ሄደች፤ ታጭታ ተመለሰች። መንገድ ላይ ስንገናኝ ምንም ማሽን ሳይኖር፣ ያለ ድምፅ፣ «ያልኩሽን እርሺው» አለችኝ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ደስተኛ ነበረች ወይ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ላይ አልነበረችም። የካናዳ ፖስታ ካርድ በመጣ ቁጥር አንድ ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አታወራም ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወለደ። ወደ ሥራ ስትመለስ አለቃው በሩ አጠገብ ያለ ማሽን ላይ አቆማት። በሩ ተንጋዶ ስለማይገጥም ብርዱ እንደ ቢላ ይገባል። ክላረንስ አንድ ቃል አልተናገረም። ኮቱን አወለቀና፣ ያለው አንድ ኮት ነው፣ ሚስማርና መዶሻ አምጥቶ ክፍተቱ ላይ ቸነከረው። አለቃው መጥቶ ቢጮህበት «በሩ በርዶታል» አለ። ከዚያ የቤቱ ቁልፍና ምሳው፣ አንድ ድፍን፣ ሊጥ ውስጥ የተጋገረ የሥጋ ፓይ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከሚስማሩ ሥር እንደቀሩ ትዝ አለው። ቆሞ በሩን ሲያይ ኖራ ወደ እኔ ዞረች። ከተቀበረው ልጅ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። «ይሄን ሞኝ መካኒክ በዓለም አልለውጠውም» አለች በከንፈሯ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ የመጣው ግን በዚያኛው ቀን እንጂ በዚህኛው አይደለም።

እናም ክላረንስ ሲጠይቀኝ የኋለኛውን ቀን ለፊተኛው አበደርኩት። እሱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ እንባው ወረደ። ሌሎቹ ሴቶች ጫማቸውን ያያሉ። ሲወጡ ቤሲ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ «ጎበዝ» አለችኝ። እኔም ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ናይጀል ግን ከኋላችን ሆኖ ሰምቶኛል። «ይህማ የከተማችን ታሪክ ነው!» ብሎ ከፊልሙ የኖራን ፊት አስነሥቶ፣ በር የሚያህል አድርጎ አሳጥቦ፣ ሙዚየሙ መግቢያ ላይ ሰቀለው። ከሥሩም «ይሄን ሞኝ መካኒክ በዓለም አልለውጠውም» ብሎ ጻፈበት፤ ስሟንና ዓመተ ምሕረቱንም። ሥዕሉ ላይ አፏ ገርበብ ብሏል። ያ የአፍ አከፋፈት «አላገባውም» ሲባል እንደሆነ የምናውቅ ሴቶች በሥሩ ስናልፍ ቀና አንልም። ክላረንስ ግን ሐሙስ ሐሙስ ለተማሪዎች ማሽን የሚያስነሣው እሱ ስለሆነ፣ ሲገባ ቆቡን ያነሣላት ነበር።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ በሬን አንኳኳ።

«የከንፈር ወሬ አስተምሪኝ» አለኝ።

«በስተርጅና?»

«ልጆቹ አሳየን ይሉኛል። አፌን ከፍቼ እንደ ገበያ ዓሣ እቆማለሁ። አታዋርጂኝ።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ማክሰኞ ከሰዓት የሚመጣ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሻይ አፈላለሁ፣ ፓይ አሞቃለሁ። በጆሮው እንዳይታገዝብኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን አስነሣዋለሁ፤ ባዶውን ይሽከረከራል። ወጥ ቤቴ ትንሽ የሽመና አዳራሽ ሆነ።

«ድምፅ አታውጣ!» እለዋለሁ።

«አላወጣሁም!»

«ይኸው ወጣ! ከንፈርህን ነው እንጂ ጉሮሮህን ማን ጠየቀህ? ሎሚ እንደቀመሰ ሰው አፍህን አሠራው።»

«እንደዚህ?»

«አሁን ጥርስህን የታመምክ መሰልክ። እንደገና።»

ግትር ነው። የጠፋችውን ብሎን እስኪያገኝ ወለል ላይ ተንበርክኮ የሚውል ሰው ነው፤ ከንፈርንም እንደዚያው ያዘው። ገና ብርዱ ሳያልቅ እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ የምለውን እሱ ከጠረጴዛው ሆኖ ያይ ጀመር። ለቤሲ ነገርኳት፤ «መካኒክ ከተማረማ የዓለም ፍጻሜ ደርሷል» አለች።

አንድ ማክሰኞ ማጠቢያው እየጮኸ እያለ ቀና ብሎ «ካናዳ በከንፈር እንዴት ነው?» አለኝ።

የያዝኩት ማንኪያ ከእጄ አመለጠ። «ምን አደረገልህ?»

«ጎብኚዎች ነበሩ። ከካናዳ የመጡ።»

አሳየሁት። ካ-ና-ዳ። አፍ ይከፈታል፣ ምላስ ጥርስን ይነካል፣ እንደገና ይከፈታል። እሱ ደጋግሞ አየኝ፤ ከዚያ ፓዩን ሳይጨርስ አመስግኖ ወጣ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ልናገር ይገባኝ ነበር። ጎብኚ አለ ብሏል፣ ጎብኚ አለ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። ናይጀል ፊልሙን በቪዲዮ ካሴት ገልብጦ እንደሰጠው ግን አላወቅኩም ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አልመጣም። ፓዩ ምድጃ ውስጥ ደረቀ። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ በመስኮት ሳይ መንገድ ማዶ የክላረንስ መጋረጃ ተዘግቷል። በእኛ ሰፈር በቀን መጋረጃ የሚዘጋው ሰው ሲሞት ነው። በመጋረጃው ጠርዝ ግን የቴሌቪዥን ብርሃን ይንቀጠቀጣል። እያየሁ ሳለ መጋረጃው ተከፈተ፤ ክላረንስ መስኮቱ ላይ ቆመ። ከኋላው ቴሌቪዥኑ ላይ የኖራ ፊት ቆሟል፤ ሻሿን አስራ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ።

መንገዱ ጠባብ ነው። የጎረቤትሽን የሻይ ስኒ ቀለም ታይበታለሽ። አየኝ። ከዚያም ያለ ድምፅ፣ በከንፈሩ፣ «እሁድ ለክላረንስ ቁርጡን ልነግረው ነው» አለኝ።

መጋረጃዬን ወደ ጎን ገፋሁ።

«አላገባውም። ካናዳ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ።» ግራ እጁን አነሣና የቀሩትን ጣቶቹን መስታወቱ ላይ አደረገ። «በሁለት ጣት ነው ለካ የገዛኋት።»

«አይደለም!» አልኩ፤ እኔም ያለ ድምፅ። ለምን እንዳልጮህኩ አላውቅም። የሸማኔ አመል ይሆናል።

«ያ ሁሉ ሴት ዝም ሲል ጊዜ ጠርጥሬ ነበር። ቤሲ ዝም ስትል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ክላረንስ፣ ስማኝ።»

«ብትነግረኝ እኮ እለቃት ነበር። መርከቡ ድረስ ሻንጣዋን እሸከምላት ነበር። በአንድ እጄም ቢሆን።»

በነጠላ ጫማዬ መንገዱን ተሻገርኩ። በሩን ደበደብኩት፤ አልከፈተም። ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። መስታወቱ ብቻ ነበር በመካከላችን፤ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጢሙ አድጎ ነበር። ነገሩን ሁሉ ልነግረው ፈለግኩ፤ እኔ የሰረቅኳት ዓረፍተ ነገር እውነተኛ ቀን እንደነበራት፣ ያንን ቀን እንዴት እንደሳቀች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ግን በባዶ ከንፈሬ ላሸው ሞከርኩ።

«ኮትህን በሩ ላይ የቸነከርክ ዕለት» አልኩት። «ቁልፍህና ምሳህ ኪሱ ውስጥ የቀሩ ዕለት። ትዝ ይልሃል?»

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ትዝ ይለዋል።

«ያኔ ወደ እኔ ዞረች። ስትስቅ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ይሄን ሞኝ መካኒክ በዓለም አልለውጠውም አለች። ያኔ ነው ያለችው፤ እውነቴን ነው። ማልልሃለሁ።»

ከንፈሬን እስከ መጨረሻው አየ። አንድም ቃል እንዳላመለጠው ከዓይኑ ያስታውቃል። ለአፍታ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሊመጣ ሲል አየሁ፤ አዳራሹ ውስጥ፣ በመጀመሪያው ቀን እንደመጣው ያለ። ግን አልመጣም።

«ያንንማ» አለኝ «ሙዚየሙ ግድግዳ ላይ አንብቤዋለሁ።»

አፉን በደንብ ከፍቶ፣ ጉሮሮውን ሳያሰማ፣ ቀስ አድርጎ ነው ያለው። ተሳስቼ አይቼ ይሆናል እንዳልል እንኳ አላበላሸውም። እኔው ነኝ ያስተማርኩት።